ዋዝ፦ ከጦሩ የተረፈችው መኪና

በክረምት በአርሲ ሮቤ መረሬ ላይ የነዳ ሰው ያውቀዋል። ጋሪና ትራክተር የቦረቦሩት የስንዴ ማሳ መንገድ ግራና ቀኙ ሰምጦ መሀሉ ጉብታ ሆኖ ይቀራል። ዝቅ ያለች መኪና ሆዷ ጉብታው ላይ ያርፍና ጎማዎቿ በባዶ ይሽከረከራሉ። ዋዝ ግን ታልፋለች። ምክንያቱን ለማየት ከሥሯ መተኛት ነው።

በሌላ መኪና ከዲፍሬንሻሉ የሚወጣው ዘንግ ቀጥ ብሎ የጎማው መሀል ይገባል። በጦሩ ዋዝ ላይ ከጎማው መሀል ከፍ ብሎ ይመጣና በየጎማው በተቀመጠ ትንሽ የጥርስ ቤት በኩል ኃይሉን ወደ ታች ያወርዳል። በዚህም ዲፍሬንሻሉ ከመሬት 30 ሳንቲሜትር ይርቃል፤ ለሲቪል የተሠራችው፣ ይህ የጥርስ ቤት የሌላት እህቷ፣ 22 ብቻ ናት። አሮጌ ዋዝ የሚያድስ ሰው የካምቢዮውንና የዲፍሬንሻሉን ዘይት ቀይሮ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። አራቱ ቤቶች ግን የየራሳቸው ዘይት አላቸው። ዘይት የሚያግደው ጎሚኒ ሲያልቅ ዘይቱ ወደ ፍሬኑ ይፈስሳል፤ የአርሲ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ፍሬን ሕይወት ነው።

ዋዝ በቮልጋ ዳር ባለችው ኡሊያኖቭስክ በ1965 ዓ.ም. በብዛት መመረት ጀመረች። በ1966 ደግሞ በኤልብሩስ ተራራ በረዶ ላይ እስከ 4,000 ሜትር ገደማ ወጥታ ታየች፤ የጭላሎ አናት ያህል ማለት ነው። ወደ እኛ የገባችው በደርግ ዘመን፣ ከሶቭየት ትጥቅ ጋር ነው።

ሮቤ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በአምስት አንድ እጅ ያህል ይሳሳል። ባለ 75 የፈረስ ጉልበቱ ሞተር ያን ያህል ይደክማል፤ ቤንዚኑ ግን እንደ ቆላው ከፈሰሰ ካንዴላው ይጠቁራል። ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚለካውን ቀዳዳ በጠባብ መተካት ብዙ ይረዳል። ለዓመታት የቆመ ሞተርን ቸኩሎ በባትሪ ማዞር ግን ማበላሸት ነው። ካንዴላዎቹን አውጡ፣ በየሲሊንደሩ ትንሽ ዘይት ጠብ አድርጉ፣ ይደር። በማግስቱ ከፊት በሚገባው ብረት በእጅ ዘውሩት፤ እጃችሁ የሚነግራችሁን ባትሪ አይነግራችሁም።

አሁን ወደምወደው ልምጣ። የጦሩን ዋዝ ኮፈን ስትከፍቱ የካንዴላ ገመዶቹ በብረት ጥልፍልፍ ተሸፍነው፣ ዲስትሪቢዩተሩም ብረት ለብሶ ታገኛላችሁ። እያንዳንዱ የካንዴላ ብልጭታ ትንሽ የሬዲዮ ማሰራጫ ነው፤ ሽፋኑ ከሌለ ጩኸቱ መኪናዋ ላይ የተገጠመውን መገናኛ ሬዲዮ ያውካል። ለተራ ካንዴላ አይመችም እየተባለ ስንት ሽፋን ተነቅሎ ቁራሌው ወስዶታል! እባካችሁ አትጣሉት። ተጠብቆ እንደሆነ ማወቂያው ቀላል ነው፦ ተራ ሬዲዮ መኪናዋ ውስጥ በኤኤም (በኤፍኤም ሳይሆን) ክፈቱ፣ ጣቢያ የሌለበት ቦታ ላይ አቁሙት፣ ሞተሩን አስነሡና ቤንዚን ስጡ። ከሞተሩ ጋር እየፈጠነ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ካልመጣ ሽፋኑ በቦታው አለ።