ስልኩን አትውቀሱት

አል-ሙወሰም ውስጥ የአማርኛ መጽሐፍ የሚሸጥ ሱቅ አይቼ አላውቅም። የመን ድንበር አጠገብ፣ ቀይ ባሕር ዳር ያለች ትንሽ የሳዑዲ ከተማ ናት። መጽሐፍ የሚደርሰን ከአገር በሚመጣ ሰው ሻንጣ ወይም በቴሌግራም ነው። ሻንጣው ደግሞ ለበርበሬና ለሽሮ እንኳ አይበቃም።

ያለፈውን ረመዳን፣ ሥራው ወደ ሌሊት ሲዞር፣ በወረቀት፣ በስልክና በጆሮ እያፈራረቅሁ ሳነብ ከረምሁ። ስለ ወረቀት ብዙ አልልም፤ ባትሪ አይጠይቅም፣ የጂዛን ወበቅ ግን ገጹን ያኮማትረዋል። መናገር የምፈልገው ስለ ተናቀው የስልክ መጽሐፍ ነው።

«ስልክ ላይ አይነበብም፤ ዓይን ያጠፋል» የሚል ሰው ሲገጥመኝ መልሼ እጠይቀዋለሁ፤ ያነበብከው ጽሑፍ ነው ወይስ ፎቶ? አብዛኛው ሰው ልዩነቱን አያውቅም። በየቴሌግራሙ የሚዞረው የአማርኛ ፒዲኤፍ በብዛት ፎቶ ነው። አንድ ሰው የታተመውን መጽሐፍ ገልጦ፣ ገጽ በገጽ አንስቶ፣ አንድ ላይ ጠርዞ ይልከዋል። ስልኩ እዚያ ውስጥ ፊደል መኖሩን አያውቅም፤ የሚያየው ነጭና ጥቁር ነጠብጣብ ብቻ ነው።

መዘዙን በስሌት እንየው። የመጽሐፍ ገጽ ስፋት ወደ 14 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል፤ የስልክ መስኮት ደግሞ 7 ገደማ ነው። ገጹ በሙሉ እንዲታይ በግማሽ ማነስ አለበት፤ በ11 ነጥብ የታተመው ፊደል ወደ 5 ተኩል ይወርዳል። ይህ ለፊደላችን ከባድ ነው። ቡ እና ቢ የሚለያዩት ቅጥያዋ ወገብ ላይ ወይም እግር ላይ በመሆኗ ነው። ፎቶው ሲያንስና ሲደበዝዝ መጀመሪያ የምትጠፋው ያቺው ቅጥያ ናት። አጉልተው ልየው ካሉ ደግሞ መስመሩ ከመስኮቱ ይወጣል፤ ለያንዳንዱ መስመር ግራና ቀኝ መጎተት ነው። ዓይን የሚደክመው በዚህ እንጂ በስልኩ አይደለም።

ጽሑፍ የሆነው መጽሐፍ፣ ለምሳሌ ኢፐብ የሚባለው፣ ሌላ ነገር ነው። ፊደሉን ሲያጎሉት መስመሩ ራሱ እየታጠፈ ከመስኮቱ ጋር ይስማማል። መጠኑም ቀላል ነው፤ በዩኒኮድ፣ ማለትም ለዓለም ፊደላት በወጣው የጋራ ቁጥር፣ አንድ የግዕዝ ፊደል በተለመደው አጻጻፍ 3 ባይት ይይዛል። በገጽ 1,500 ፊደል ብንል፣ የ300 ገጽ ልብ ወለድ ከ1 ሜጋባይት ተኩል አይበልጥም። ያው መጽሐፍ በፎቶ ሲሆን በቀላሉ አሥር እጥፍና ከዚያም በላይ ይሆናል። ካርድ እየሞላ ለሚያወርድ ሰው ይህ የገንዘብ ጉዳይ ነው።

በመካከል አንድ አታላይ ዓይነት አለ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት፣ እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ያሉ ፕሮግራሞች ፊደሉን በየራሳቸው ስውር ቁጥር ያስቀምጡት ነበር። በነዚህ የተዘጋጀ ፒዲኤፍ ለዓይን ጥርት ያለ አማርኛ ነው፤ አንድ ስም ልፈልግ ቢሉ ግን አያገኝም፣ ገልብጠው ሲለጥፉት የላቲን ዝባዝንኬ ይወጣል።

ፎቶ አንሺዎቹንም አንድ ቃል ልናገር። ወገኖቼ፣ ጣታችሁን ከገጹ ላይ አንሱ! ገዳዩ ሊታወቅ ሲል ሁለት ገጽ የዘለለ ልብ ወለድ ደርሶኛል። ደግሞም በኢትዮጵያ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲው መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት የተጠበቀ ነው። «ለሕዝብ ጥቅም» የሚል ጽሑፍ ሽፋኑ ላይ መለጠፍ ይህን አይሽረውም።

ስለ ትረካ ባጭሩ። እዚህ ሰው ቤት የምትሠራ አንዲት የሐርቡ ልጅ፣ ለማፍጠሪያ ሳምቡሳ ስትጠቀልል በአንድ ጆሮዋ መጽሐፍ ታዳምጣለች። «ወንድሜ፣ ሰምቼ ጨረስኩት፤ አነበብኩት ልበል?» አለችኝ። በይ እንጂ! ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከውን «ፍቅር እስከ መቃብር» የሰማ ሰው መጽሐፉን አያውቀውም የሚል ማን ደፋር ነው? መጠኑን ብቻ ተመልከቱ፤ በሰከንድ 64 ኪሎቢት የተቀዳ ድምፅ በሰዓት 29 ሜጋባይት ያህል ይበላል፣ በ32 ሲሆን ግማሹን። ለአንድ ሰው ንግግር 32 ይበቃል። ከሥሩ ሙዚቃ የምታስገቡ ግን ምን አደረግናችሁ?

እንግዲህ ስልኩን ከመውቀስዎ በፊት አንድ ሙከራ ያድርጉ። ከገጹ አንዱን ቃል ተጭነው ይያዙት። ቃሉ ብቻውን ከቀለመ ጽሑፍ ነው፤ ምንም ካልሆነ ፎቶ ነው። ቀልሞ ሲገለበጥ ዝባዝንኬ ካመጣ የድሮው ፕሮግራም ሥራ ነው። ዛሬ የሚታተም መጽሐፍ ከሞላ ጎደል ሁሉ አስቀድሞ በኮምፒውተር የተለቀመ ጽሑፍ ነው። አሳታሚው እጅ ያለውን ጽሑፍ እኛ መልሰን ፎቶ እናነሳዋለን። ስለዚህ በጽሑፍ መልክ የሚሸጥ ሲገኝ ግዙ፤ ካልተገኘም ለደራሲው ጻፉና ጠይቁት። ድንበር ላይ አንባቢ እንዳለው ካላወቀ ለማን ብሎ ያወጣዋል?