የአጥሩ ነዳጅ

በባቲ አካባቢ ገበሬው ማሳውን የሚያጥርበት ቁጥቋጦ አለ። ድርቅ አይበግረውምና «አይደርቄ» ይሉታል። መርዛም ስለሆነ ከብት አይደፍረውም፤ ለአጥርነት የተመረጠውም ለዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የማዕድንና ኢነርጂ ሚኒስቴር የባዮፊውል ስትራቴጂ ሲያወጣ፣ ይኸው ተክል ጃትሮፋ በሚለው ስሙ ከጉሎ ጋር የናፍጣ ተስፋ ሆነ። ለዘይት ተክሎች ይስማማል የተባለው መሬትም ከ20 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ነበር።

ተስፋው ከመሬት የተነሣ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1900 በፓሪስ ዐውደ ርእይ አንድ ትንሽ የናፍጣ ሞተር በኦቾሎኒ ዘይት ሲሠራ፣ የሞተሩ ፈልሳፊ ሩዶልፍ ዲዝል እንደመሰከረው፣ ልዩነቱን ያወቁት ጥቂቶች ነበሩ። እንቅፋቱ ውፍረት ነው። የምግብ ዘይት ከናፍጣ አሥር እጥፍ ያህል ይወፍራል። የሞተሩ ነዳጅ መርጫ (ኖዝል) እንደ ጉም መርጨት ሲገባው ያንጠባጥበዋል፤ በደንብ ያልተቃጠለውም እዚያው ይጋገራል።

ስለዚህ ዘይቱ መለወጥ አለበት። 100 ሊትር ዘይት ተጣርቶ፣ ውሃው እስኪተን ይሞቃል። ወደ 55 ዲግሪ ሲበርድ ኮስቲክ ሶዳ የሟሟበት 20 ሊትር ያህል ሜታኖል ይገባበታል። ሲያድር ግሊሰሪኑ ይዘቅጣል፤ ባዮዲዝል የሚባለው ነዳጅ ከላይ ይቀራል። በጓሮ የሚሠራ ነገር ነው፤ ግን ሜታኖል ዓይን ያጠፋል፣ እሳትም ቶሎ ይይዘዋል። ውሃው በደንብ ካልወጣም ሳሙና ይበዛበታል።

ጉሎ ከዚህ ሁሉ በኋላም ያስቸግራል። ባዮዲዝል ሆኖ እንኳ የአውሮፓው መስፈርት ከሚፈቅደው በላይ ወፍራም ነው። ለማለስለሻ፣ ለመዋቢያና ለመድኃኒት ግን ተፈላጊ በመሆኑ፣ ማቃጠሉ ገንዘብን እንደ ማቃጠል ነው። በምሥራቅ ሐረርጌ ደግሞ አንድ የጀርመን ኩባንያ ለጉሎ የወሰደው መሬት ከባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ ጋር ተደራርቦ ክርክር አስነሣ። ጃትሮፋም በደረቅ መሬት ይኖራል እንጂ እንደተባለው አያፈራም። ውሃና ለም መሬት ሲሰጡት ያፈራል፤ ያን ጊዜ ግን ከማሽላና ከሰሊጥ ጋር ይሻማል። ብዙዎቹ እርሻዎች በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተተዉ።

ከእህል የማይሻማው ዘይት መጥበሻው የተፋው ነው። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከ2007 አጋማሽ ጀምሮ በዓመት እስከ 2,500 ሊትር ባዮዲዝል ለራሱ የሚያመርት ሰው ከነዳጅ ቀረጥ ነፃ ነው። በአብዛኛው ከውጭ የሚገባ ዘይት በሚበላበት አገራችን ግን፣ አንድ ሊትር ዘይት ከአንድ ሊትር ናፍጣ ይወደዳል፤ የቦምቦሊኖውና የሳምቡሳው ዘይትም እስኪጠቁር ድረስ ተመልሶ ይጠበስበታል። ያን የጠቆረ ዘይት ከጠባሾቹ ገዝቶ ለሞተር ማዋል ትንሽ ነዳጅ ቢያስገኝም፣ የብዙ ሰው ጤና ያተርፋል።

የባቲ ገበሬ ስም ሲያወጣ ጠንቃቃ ነበር። «አይደርቄ» አለው እንጂ «ያፈራል» አላለም። ያን የጨመረው የባዮፊውል ስትራቴጂው ነው።