የሕመም ፈቃድ ከሠራተኛው ጋር የት ድረስ ይሄዳል?

ሠራተኛ ታሞ ከሥራ የቀረባቸው ቀናት በአሠሪው ዘንድ ይመዘገባሉ። ይህን መመዝገብ ግዴታ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 12 አሠሪው ሠራተኛው የወሰዳቸውን ፈቃዶች፣ እንደ አግባቡም የጤናውን ሁኔታ በመዝገብ እንዲይዝ ያዛል። ከዚህ ውጭ የተደረገው ኤችአይቪ/ኤድስ ነው። ሠራተኛው በሥራው ላይ እስካለ ድረስ መዝገቡ ብዙም አያስጨንቀውም። ጥያቄው የሚነሳው ሌላ ሥራ ሲፈልግ ነው፤ አዲሱ ቀጣሪ ስለነዚያ ቀናት ምን ሊያውቅ ይችላል? ቢያውቅስ ቅጥሩን ሊከለክል ይችላል?

መዝገቡ በመጀመሪያ የሚያስፈልገው ለደመወዝ ስሌት ነው። በአዋጁ አንቀጽ 85 እና 86 መሠረት የሕመም ፈቃድ፣ ሠራተኛው መታመም ከጀመረበት ቀን አንስቶ ባለው 12 ወር ውስጥ፣ በተከታታይም ሆነ በተለያየ ጊዜ ቢወሰድ ከ6 ወር አይበልጥም። የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ ደመወዝ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ ናቸው። በወር 12,000 ብር የሚከፈለው ሰው ስድስቱን ወር ሙሉ ቢታመም በመጀመሪያው ወር 12,000፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ደግሞ በየወሩ 6,000 ያገኛል፤ ከዚያ በኋላ ምንም የለም። በጤናው ቢሆን 72,000 ብር ይከፈለው የነበረ ሰው 24,000 ብር ይዞ ይቀራል ማለት ነው። ይህ ስሌት ያለ መዝገብ አይሠራም። በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት ግን በዚህ አይታይም፤ የራሱ ድንጋጌዎች አሉት። የመንግሥት ሠራተኞችም የሚተዳደሩት በሌላ አዋጅ ነው።

በሕመም ምክንያት መቅረትና ዝም ብሎ መቅረት በሕጉ ፊት ፍጹም የተለያዩ ናቸው፤ የሠራተኛውን የወደፊት ዕድል ከሁሉ በላይ የሚወስነውም ይህ ልዩነት ነው። የታመመ ሰው አሠሪው ሕመሙን የሚያውቅበት ሁኔታ ካለ ወይም ማሳወቅ የማይቻል ከሆነ በስተቀር በቀረ ማግስት ለአሠሪው መንገር ይጠበቅበታል። በመንግሥት ከታወቀ የሕክምና ተቋም የተሰጠ ማስረጃም ማቅረብ አለበት። ልደታ ውስጥ ጥቁር አንበሳ ወይም ባልቻ ሆስፒታል ታክሞ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ያመጣ ሰው የቀረበት ቀን ፈቃድ ይሆንለታል። ቤቱ ተኝቶ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ሲወስድ የሰነበተው ግን፣ ሕመሙ የእውነት ቢሆንም፣ በመዝገቡ ላይ የሚጻፍበት “ያለ ፈቃድ ቀረ” የሚል ነው። በአንቀጽ 27 መሠረት በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በ6 ወር ውስጥ በድምሩ 5 የሥራ ቀን የቀረ፣ መቅረቱም አዋጁ ከሚያውቃቸው ፈቃዶች በአንዱ የማይሸፈን ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊሰናበት ይችላል። ሥራ ፈላጊን የሚጎዳው እንዲህ ያለው ስንብት እንጂ በሐኪም ማስረጃ የተወሰደ ፈቃድ መሆን አልነበረበትም።

የሐኪሙ ወረቀት ራሱም ልብ ሊባል ይገባዋል። ብዙ ጊዜ የካርድ ቁጥር፣ የዕረፍት ቀናት ብዛት፣ ፊርማና ማኅተም ብቻ ሳይሆን የበሽታው ስምም ይጻፍበታል። ለደመወዝ ስሌት የሚያስፈልገው የቀናቱ ቁጥር ነው፤ የበሽታው ስም ግን አብሮ ወደ ሰው ሀብት ክፍል ይሄድና በግል ማኅደር ውስጥ ለዓመታት ይቀመጣል። ማኅደሩን የሚያገላብጠው ሁሉ ያየዋል።

ሠራተኛው ሲለቅ የሚወስደው የሥራ ልምድ ማስረጃ ከዚህ ማኅደር ተለይቶ መታየት አለበት። አንቀጽ 12 ይዘቱን በሦስት ነገር ወስኖታል፤ ሲሠራ የነበረው የሥራ ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑና ሲከፈለው የነበረው ደመወዝ። ማስረጃው የሥራ ውሉ ሲቋረጥ ብቻ ሳይሆን ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ ሁሉ፣ ያለ ክፍያ ሊሰጠው ይገባል። “ለሚመለከተው ሁሉ” ብሎ የሚጀምረው የተለመደው ደብዳቤ የሥራ ግብር መከፈሉንም ይጨምራል፤ የቅጥር ማስታወቂያዎች ይህን ስለሚጠይቁ ነው። የሕመም ቀናት ግን በሕጉ ዝርዝር ውስጥ የሉም። በደብዳቤው ላይ “በተደጋጋሚ በሕመም ይቀሩ ነበር” ብሎ የሚጽፍ አሠሪ ከተጠየቀው በላይ ሄዷል።

እውነተኛው ክፍተት ከወረቀቱ ውጭ ነው። አዲሱ ቀጣሪ በሥራ ማመልከቻው ላይ በሪፈረንስነት ወደ ተጠቀሰው የቀድሞ አለቃ ይደውላል። “ሰውየው እንዴት ነው?” ሲባል “ጎበዝ ነው፣ ግን ትንሽ ያመዋል” የሚል መልስ ይሰጣል። ክፋት አስቦ ላይሆን ይችላል፤ ማዘኑም ይሆናል። ያቺ አጭር ዓረፍተ ነገር ግን አመልካቹን ሥራ ልታሳጣው ትችላለች፤ ምን እንደተባለም አያውቅም፣ መልስ የመስጠት ዕድልም የለውም። ቀጣሪው የሚነግረው “ሌላ ሰው ተመርጧል” ብሎ ብቻ ነው። ይህ በደል ነው፤ ማስረጃ ስለማይተው ደግሞ ለመከራከር እጅግ ያስቸግራል።

ሁለተኛው ክፍተት የሙከራ ጊዜ ነው። በአዋጁ የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም፤ የሕመም ፈቃድ መብት ደግሞ የሚጀምረው ሙከራው ካለቀ በኋላ ነው። አሠሪው ለሥራው ብቁ አይደለም ያለውን ሠራተኛ በሙከራው ወቅት ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ካሳ ማሰናበት ይችላል። ሥር የሰደደ ሕመም ይዞ ሥራ የሚለውጥ ሰው፣ ለምሳሌ የስኳር ወይም የኩላሊት ታካሚ፣ በቀድሞ መሥሪያ ቤቱ የነበረውን ጥበቃ ትቶ ለሦስት ወር ገደማ ያለ ከለላ ይቆያል። የሕክምና ቀጠሮውን ከዚህ ጊዜ በፊት ወይም በኋላ ማድረግ የሚችል ቢያደርገው ይበጀዋል፤ ሁሉም ግን አይችልም፣ ሕጉም ይህን ቢያይለት መልካም ነበር።

ቅጥር ሲጸድቅ ብዙ መሥሪያ ቤቶች የጤና ምርመራ ውጤት ይጠይቃሉ። ምርመራው አመልካቹ የተቀጠረበትን ሥራ ዛሬ መሥራት ይችል እንደሆነ ያሳያል፤ አምና ስንት ቀን እንደተኛ አያሳይም፣ ማሳየትም የለበትም። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የእኩልነት ሕግ ቀጣሪዎች የሥራ ዕድሉን ከማቅረባቸው በፊት ስለ አመልካቹ ጤና እንዳይጠይቁ፣ ከጥቂት ሁኔታዎች በስተቀር፣ ገድቧል። ጥያቄው ከቅጥር ውሳኔው በኋላ ሲመጣ፣ የተከለከለው ሰው ምክንያቱ ጤናው መሆኑን በቀላሉ ያውቃል።

በኢትዮጵያ እንዲህ ተብሎ የተለየ ድንጋጌ ባይቀመጥም ጥበቃው ከተለያዩ ሕጎች ይገኛል። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በኤችአይቪ/ኤድስና በአካል ጉዳት ምክንያት በሠራተኞች መካከል ልዩነት ማድረግን ይከለክላል። አዋጅ ቁጥር 568/2000 የአካል ጉዳተኞችን የመቀጠር መብት ያስከብራል። አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚያስፈልጋቸው የግል መረጃዎች መድቦታል፤ ከእንግዲህ በስልክ “ያመዋል” ማለት እንደ ተራ ወሬ ሊታይ አይገባም። የተነገረው ሐሰት ከሆነም በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስም ማጥፋትን ኃላፊነት ከሚያስከትሉ ጥፋቶች ይቆጥረዋል።

የሥራ ልምድ ማስረጃ የተከለከለ ወይም በሕመሙ ምክንያት ከሥራ የተሰናበተ የአዲስ አበባ ሠራተኛ አቤት ከሚልባቸው ቦታዎች አንዱ የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ልደታ ምድብ የሥራ ክርክር ችሎት ነው። ሠራተኛው የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም፤ አዋጁ ችሎቱ በ60 ቀን ውስጥ እንዲወስን ያዛል። “የሥራ ልምድ ማስረጃ ይስጠው” የሚል ትእዛዝ በእንዲህ ያሉ ፍርዶች መጨረሻ ላይ የተለመደ ነው። ለክርክሩ የሚጠቅሙት የሐኪም ማስረጃዎቹ ቅጂ፣ መታመሙን ለአሠሪው ያሳወቀበት መልእክትና የደመወዝ መክፈያ ሰነድ ናቸው። ዋናውን ወረቀት ለሰው ሀብት ክፍል አስረክቦ ቅጂ ያላስቀረ ሰው በኋላ ማስረጃውን የሚለምነው ከተከራካሪው ነው። ጊዜውም ያልፋል፤ ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ጥያቄ ውሉ ከተቋረጠ በ3 ወር፣ የደመወዝ ጥያቄ በ6 ወር፣ የተለየ ገደብ ያልተቀመጠለት ሌላ ጥያቄ ደግሞ በ1 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት።