ሚስማሩ ሳይወጣ ጎማ አይለጠፍም

ዛሬ ስለ ብስክሌት ጎማ እናወጋችኋለን። ቀላል ነገር ይመስላል። በብስክሌት ጀሪካን እያመላለሰ ለሚያድር አባወራ ግን ጎማው ተነፈሰ ማለት የዕለት እንጀራው ቆመ ማለት ነው።

በካምፓላ፣ ናሙዎንጎ፣ ከባቡር ሐዲዱ አጠገብ ስንኖር የአንድ ጎረቤታችን ብስክሌት በሦስት ቀን ሁለቴ ተነፈሰበት። ሁለቴም ከፍሎ አስለጠፈ። ሁለተኛው ክፍያ ለልጁ ደብተር ያስቀመጠው ገንዘብ ነበር። ጎማው እንደገና ሲተነፍስ "ኧረ ይሄስ በዛ!" ብለን ከልጆቹ ጋር ራሳችን ፈታነው። የተለጠፈው ደህና ነው። ለካስ ቀጭን የሽቦ ስባሪ በውጭው ጎማ ላይ ተሰክቶ ቀርቶ የውስጡን አጠገብ ለአጠገብ ይወጋው ኖሯል!

ሥራው እንዲህ ነው። ጎማውን በማንኪያ እጀታ ፈልቅቁ፤ ስለታም ካቻቢቴ የውስጡን ጎማ ይቀደዋል። ቫልቩ የነበረበትን ቦታ በውጭው ጎማ ላይ ምልክት አድርጉ። የውስጡን ነፍታችሁ ሳፋ ውኃ ውስጥ ንከሩት፤ አረፋ የሚወጣበት ቦታ ቀዳዳው ነው። አድርቁት፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉት፣ ማስቲሽ ቀቡት። ብዙ ሰው የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው። ማስቲሹ እርጥብ ሳለ ልጣፊው አይይዝም። ደረቅ እስኪል ጠብቁ፤ ከዚያ ልጣፊውን አጥብቃችሁ ተጫኑ። ቀዳዳው ቫልቩ ሥር ከሆነ ግን ልጣፊ አያዋጣም፣ የውስጡ ጎማ ይቀየር።

አሁን ዋናው ነገር። የውስጡን ጎማ በምልክቱ ልክ ከውጭው ጋር አስተያዩ፤ ቀዳዳው ሚስማሩ የት እንዳለ ይጠቁማችኋል። የውጭውን ጎማ ውስጡን በጨርቅ ዳብሱ፤ ጨርቁ የሚያዝበት ቦታ ስለት አለ። በባዶ ጣት አትሞክሩ። ቀዳዳው በቸርኬው በኩል ከሆነ ደግሞ የቸርኬውን ሽቦ ጫፎች እዩ።

በአየር የሚነፋውን ጎማ እ.ኤ.አ. በ1888 ያስመዘገበው ጆን ደንሎፕ በቤልፋስት የእንስሳት ሐኪም ነበር፤ የጀመረውም ለልጁ ባለ ሦስት እግር ብስክሌት ብሎ ነው። የእኛ "ጎማ" እና "ጎሚስታ" ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። በሉጋንዳ ደግሞ ጎማም ኳስም "ኦሙፒራ" ይባላል፤ ናሙዎንጎ ውስጥ ጎማ እናስለጥፍ ብለው ኳስ ጨዋታ የሚያዩ ልጆች ያሉት ለካ ያለ ነገር አይደለም!

በናኪቫሌም ሆነ በካኩማ ብስክሌት ያላችሁ፣ አንድ ቱቦ ማስቲሽና ጥቂት ልጣፊ በጋራ ግዙ። ስትለጥፉም ልጆቻችሁን አጠገባችሁ አስቀምጡ። የጎረቤታችን ልጅ ዛሬ የተነፈሰ ጎማ ሲመጣለት ማስቲሹን ከማንሳቱ በፊት ጨርቁን ይፈልጋል።

ሰላም ሰንብቱ።