ባዶ ቤት የማሳየት ሥራና የደላላ ደኅንነት

ባዶ ቤት ማሳየት ከደላላ ሥራ ትንሹን ጊዜ የሚወስድ፣ ትልቁን አደጋ ግን የሚሸከም ክፍል ነው። ስልክ መመለስ፣ ዋጋ ማስማማት፣ አከራይና ተከራይን ማገናኘት፣ ውል ማስፈረም ሁሉም ሰው ባለበት ይሠራል። ማሳየት ግን ደላላው ከማያውቀው ሰው ጋር ሌላ ሰው ወደሌለበት ክፍል መግባቱ ነው። በልደታ ኮንዶሚኒየም ባለ ሁለት መኝታ ቤት ለማየት ዐሥር ደቂቃ ይበቃል። የደኅንነቱን ነገር የሚወስነው በዚያች ዐሥር ደቂቃ ውስጥ ደላላው የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው መኖሩና አለመኖሩ ነው።

ልደታ ኮንዶሚኒየም በ2000ዎቹ መጀመሪያ ነባሩ ሰፈር ሲፈርስ በቦታው የቆመ ነው። የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የልደታ ምድብ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕንፃ ተቋም፣ ባልቻ ሆስፒታልና የአፍሪካ ኅብረት ዋና መሥሪያ ቤት ሩቅ አይደሉም። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመሩት ሁለቱ የቀላል ባቡር መስመሮችም ከመስቀል አደባባይ አብረው መጥተው የሚለያዩት ልደታ ላይ ነው። ስለዚህ ቤት ፈላጊው የሰፈር ሰው ብቻ አይደለም። ጠበቃ፣ ሐኪም፣ ተማሪ፣ ለችሎት ከክፍለ ሀገር የመጣ ባለጉዳይ፣ ከውጭ አገር ለጥቂት ወር የገባ ሁሉ ይደውላል። ድሮ በመንደር ውስጥ የሚሠራ ደላላ ደንበኛውን «የእነ እገሌ ልጅ» ብሎ ያውቀው ነበር፤ እዚህ የሚያውቀው የስልክ ቁጥሩን ብቻ ነው። ከባለቤቶቹም ብዙዎቹ እዚያ አይኖሩም። ዕጣ የወጣለት የባንክ ዕዳውን ከኪራዩ ለመክፈል ያከራያል፣ ውጭ አገር ያለው በውክልና ለዘመድ ይተዋል፣ ዘመድ ደግሞ መመላለሱ ሲሰለቸው ቁልፉን ለደላላው ያስረክባል።

የብሎኮቹ አሠራር ለደኅንነት ግማሹ ጥሩ፣ ግማሹ መጥፎ ነው። ግራውንዱ ሱቅ፣ ካፌና ፀጉር ቤት ስለሆነ ወደ ደረጃው የሚያመራ ሰው ሁሉ ከታች ይታያል። እስከ በሩ ድረስ ደላላው በሰው ዓይን ውስጥ ነው። ከበሩ ወዲያ ግን ነገሩ ይለወጣል። በሥራ ሰዓት ጎረቤቱ የለም፤ ቤት የሚቀረው ሠራተኛና ሕፃን ነው። ከባዶ ቤት የሚወጣ ድምፅም ጆሮ አይስብም። ተከራይ በወጣ ቁጥር ቀለም መቀባት፣ ሴራሚክ መቁረጥ፣ ግድግዳ መብሳት የተለመደ በመሆኑ ጎረቤት ግርግር ሲሰማ «ፊኒሺንግ ላይ ናቸው» ብሎ ያልፈዋል።

ብዙ ሰው የማያስበው ሌላው ነገር መብራት ነው። የካርድ ቆጣሪ ያለው ቤት ተከራዩ ሲወጣ ሒሳቡ ያልቃል፤ ባዶ ቤት ላይ ካርድ የሚሞላም የለም። የቀን ብርሃን የማይደርስበት መታጠቢያ ቤት እኩለ ቀን ላይም ጨለማ ነው። በኅዳር ፀሐይ 12 ሰዓት አካባቢ ስለምትጠልቅ «ከሥራ ስወጣ 11 ተኩል ልምጣ» የሚል ደንበኛ ቤቱ ሊጨልም ሲል ይደርሳል። ያለ መብራት የሚታይ ቤት ደግሞ ለኪራዩም አይበጅም፤ ግድግዳው ላይ ያለው እርጥበት ሳይታይ ቀርቶ በማግሥቱ ጭቅጭቅ ይሆናል። ስለዚህ ባዶ ቤት ከ11 ሰዓት በኋላ ባይታይ ይመረጣል፤ የማይመቸው ደንበኛ ቅዳሜ ይቀጠር። በአከራዩ ወጪ ጥቂት ብር ካርድ ላይ ማስሞላትም የሥራው አካል መሆን አለበት።

እስካሁን የተባለው የሕንፃ ጉዳይ ነው። ዋናው አደጋ ግን ከሙያው ልማድ ይመጣል። ደላላ ደንበኛውን ይደብቃል። ቤቱን ለሌላ ደላላ ቢናገር ያ ደላላ ቀድሞት ያሳያል፤ አከራዩንና ተከራዩን ቶሎ ቢያስተዋውቅ ዘለውት ከጀርባ ይዋዋሉና ኮሚሽኑ ይቀርበታል። ስለዚህ ወዴት እንደሚሄድና ማንን እንደያዘ ለማንም ሳይናገር ይወጣል፤ ብሎክ እየወጣ ሲደወልለት «ቡና እየጠጣሁ ነው» ይላል። ኮሚሽኑን የሚጠብቅለት ዝምታ ራሱን ያጋልጠዋል። በዚያ ሰዓት አንድ ነገር ቢደርስበት የሥራ ባልደረቦቹ በሙሉ ካፌ ውስጥ እንዳለ ነው የሚያውቁት። ይህን ልማድ በምክር ብቻ ማስቀረት የማይታሰብ ነው፤ ገቢው በምሥጢሩ ላይ የቆመ ሰው ምሥጢሩን አይጥልም። የሚቻለው ምሥጢሩንና ቦታውን መለያየት ነው። የደንበኛው ስምና ስልክ ከተፎካካሪ ይልቅ ለሚስት፣ ለባል፣ ለወንድም ይላካል። ለባልደረባ ደግሞ የብሎክ ቁጥሩና የመውረጃው ሰዓት ብቻ ይነገራል፤ የቤት ቁጥርና የአከራይ ስም የሌለበት ወሬ ኮሚሽን አያስነጥቅም።

በሌላ አገር ሙያውን ያስደነገጡ ሁለት ታሪኮች እዚህ ላይ ጠቃሚ ናቸው። ሐምሌ 21 ቀን 1978 ዓ.ም. የ25 ዓመቷ የለንደን የቤት ሽያጭ ሠራተኛ ሱዚ ላምፕሉ ፉልሃም በተባለው ሰፈር ቤት ለማሳየት ከቢሮዋ ወጥታ ሳትመለስ ቀረች። ቀጠሮዋን ማስታወሻ ደብተሯ ላይ ጽፋለች፤ የደንበኛው ስም «ሚስተር ኪፐር» ይላል። ሰውየው ማን እንደሆነ እስካሁን አልታወቀም፤ አስከሬኗም አልተገኘም። ቀጠሮው ከቀትር በኋላ ሆኖ ሳለ ለፖሊስ የተነገረው ማምሻውን ነበር። ወላጆቿ በስሟ ያቋቋሙት ድርጅት ብቻቸውን የሚሠሩ ሰዎች ራሳቸውን እንዴት እንደሚጠብቁ ሲያስተምር ኖሯል። መስከረም 15 ቀን 2007 ዓ.ም. ደግሞ በአሜሪካ አርካንሶ ክፍለ ግዛት ቤቨርሊ ካርተር የተባለች የቤት ሽያጭ ወኪል ባዶ ቤት ለማሳየት ሄዳ ታገተች፤ ከቀናት በኋላ ተገድላ ተገኘች። ባለቤቷ የት እንደሄደች ያውቅ ስለነበር ስትዘገይበት ወደ ቤቱ ሄዶ መኪናዋን ደጅ ላይ ቆሞ አገኘው። አጥቂው ለምን እሷን እንደመረጠ ሲጠየቅ፣ ብቻዋን የምትሠራ ሴት በመሆኗ ነው ብሎ ለጋዜጠኞች መለሰ።

በመጀመሪያው ታሪክ ስም ተጽፏል፣ ግን አልተጣራም። በሁለተኛው አድራሻው ታውቋል፣ ግን መታወቁ ጥቃቱን አላስቆመም። ልዩነት የሚያመጣው ሌላ ሰው ማወቁ ብቻ ሳይሆን፣ ሌላ ሰው እንደሚያውቅ ደንበኛው ራሱ መረዳቱ ነው። ክፉ ያሰበ ሰው የሚፈልገው ያልታየበትን አጋጣሚ ነው።

ልደታ ላይ ይህን ማድረግ አይከብድም። ደንበኛ በቤቱ በር ላይ አይቀጠርም፤ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ወይም ግራውንድ ካለው ካፌ ይገናኙና አብረው ይወጣሉ። ወደ ግቢ ሲገቡ ለጥበቃው ጮክ ተብሎ ይነገራል፦ «ጋሼ፣ አራተኛ ፎቅ ቤት ላሳያቸው ነው፣ ሩብ ሰዓት አንቆይም።» ጥበቃው ባይሰማ እንኳ ደንበኛው ይሰማል። በብሎኩ ሥር የጀበና ቡና የምታፈላዋ ሴት ካለች ከካሜራ ትበልጣለች፤ ማን እንደወጣ፣ ማን እንደወረደ፣ ማን እንደዘገየ ታውቃለች። ከእሷ ጋር በየቀኑ ሰላምታ መለዋወጥ የደላላ የሥራ ወጪ ነው ቢባል አይጋነንም። በሩ ላይ ሲደርሱ ደንበኛው እየሰማ ስልክ ይደወላል፦ ገብቻለሁ፣ ካልወረድኩ ደውልልኝ። ቴሌግራም ያለው ሰው ያለበትን ቦታ ለቤተሰቡ ለ15 ደቂቃ ወይም ለአንድ ሰዓት በቀጥታ እንዲታይ ማድረግም ይችላል፤ ኮሪደሩ ላይ የሚሰማው የስልክ ድምፅ ግን ይበልጥ ይሠራል።

መታወቂያ መጠየቅ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ደንበኛን ማስቀየም ይመስል ነበር። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ይህን ቀለል አድርጎታል። አዋጁ ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፣ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። መታወቂያ ለውሉ ማስፈለጉ ካልቀረ ከማየቱ በፊት «ለምዝገባው ስለምንፈልገው ፎቶውን ይላኩልኝ» ማለት ጥርጣሬ አይመስልም። ባለ 12 አኃዙ የፋይዳ ቁጥር ያለው ሰው ሲሆን ማጣራቱም ይቀላል። ቤት ለማከራየት የቆረጠ ደላላ መታወቂያውን ለመላክ እምቢ ያለውን ደንበኛ ማጣት ይፈራል፤ እምቢ ካለው ሰው ጋር አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻውን መገኘትን ግን ይበልጥ ሊፈራው ይገባል። ስምምነቱ ካልተሳካ ፎቶው ይሰረዛል፤ ቀጣዩ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ነውና የሰው መታወቂያ በስልክ ማጠራቀም አይገባም።

ባዶ የተባለ ቤት ባዶ ላይሆን እንደሚችልም መታሰብ አለበት። የወጣው ተከራይ ያስቀረጸውን ቁልፍ ላይመልስ ይችላል፤ ቀለም ቀቢው ዕቃውን ሊወስድ ተመልሶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከመክፈት በፊት ይንኳኳል፤ ደንበኛ ከመምጣቱ በፊትም ቤቱ በጠዋት አንድ ጊዜ ይታያል። በሩ በጓጉንቸር የሚዘጋ ከሆነ ጓጉንቸሩ ተከፍቶ ኪስ ውስጥ ይገባል፤ ደጅ ተንጠልጥሎ ከቀረ ማንም ከውጭ ሊዘጋው ይችላል።

ወደ ውስጥ ሲገባ ደንበኛው ይቅደም፤ ደላላው ከቀደመ መውጫው ከደንበኛው በስተኋላ ይቀራል። የአገሩ ጨዋነት እዚህ ላይ ያግዛል፣ እንግዳ ይቀድማልና። ችግሩ ደንበኛውም ጨዋ ሆኖ «አይ፣ እርስዎ ይቅደሙ» ማለቱ ነው። በዚህ ጊዜ «ይግቡ፣ ነፋስ ይዘጋዋል፣ በሩን ልያዘው» ማለት ክርክሩን ይጨርሰዋል፤ በሩም እንደተከፈተ ይቆያል። መኝታ ቤትና መታጠቢያ ቤት አብሮ አይገባም፤ ሳሎን ቆሞ «በግራ በኩል ነው» ማለት ይበቃል። ስቱዲዮ ላይ ግን ይህ አይሠራም፣ ቤቱ በሙሉ አንድ ክፍል ነውና። ስቱዲዮ የሚያሳይ ደላላ ኮሪደር ላይ ይቁም። የቁልፍ ዘለላ ይዞ መዞርም አይገባም፤ የዕለቱ ቁልፍ ብቻ ይያዛል፣ ቁልፉ ላይም የብሎክና የቤት ቁጥር አይጻፍም።

ሴት ደላሎች ላይ ይህ ሁሉ በእጥፍ ይመጣል፤ ትንኮሳው ደግሞ ከማሳየቱ በፊት በስልክ ሊጀምር ይችላል። ስለ ቤቱ ከመጠየቅ ይልቅ ደላላዋ የት እንደምትኖር፣ ከማን ጋር እንደምትኖር የሚጠይቅ፣ ቀጠሮውን ደጋግሞ ወደ ማታ የሚገፋ፣ «ብቻሽን ነሽ የምትመጪው?» የሚል ሰው ቤት ፈላጊ መሆኑ ያጠራጥራል። ለሥራ የተለየ ሲም ካርድ መያዝና አንድ ሰው አስከትሎ መውጣት ይረዳል። ተከትሏት ለሚወጣው ወጣት ከኮሚሽኑ ጥቂት ማካፈል ብዙዎች እንደሚያስቡት ኪሳራ አይደለም። አስቀድሞ ከቤተሰብ ጋር የተስማሙበት ዓረፍተ ነገርም ያስፈልጋል፦ ለምሳሌ «የቆጣሪው ካርድ ቢሮ ቀርቷል» የሚል ስልክ፣ ሰሚው ቶሎ ሰው ይዞ እንዲመጣ ማለት ሊሆን ይችላል። ሴት ተከራይም ከማታውቀው ወንድ ደላላ ጋር ባዶ ቤት ስትገባ ፍርሃቷ ያው ነው። ጓደኛ ይዛ እንድትመጣ አስቀድሞ የሚነግራት ደላላ ራሱንም ከሐሰት ክስ ይጠብቃል።

ገንዘብ ከባዶ ቤት መራቅ አለበት። የኪራይ አዋጁ ክፍያ በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲፈጸም ስለሚያዝ ቀብድ በጥሬው የሚቀበልበት ምክንያት የለም። ከዚሁ ጋር የሚያያዘው የሐሰተኛ አከራይ ጉዳይ ነው። የእሱ ባልሆነ ቤት ከብዙ ሰው ቀብድ ሰብስቦ የሚጠፋ ሰው ሲኖር፣ ተበዳዮቹ ተናደው መጀመሪያ የሚያገኙት ደላላውን ነው፤ ድብደባም የሚደርሰው በዚያ ጊዜ ነው። የባለቤቱን መታወቂያ ከቤቱ ሰነድ ጋር ማመሳከር፣ በውክልና የመጣ ከሆነም ውክልናውን ከሰነዶች ማረጋገጫ ማጣራት የቢሮ ሥራ ቢመስልም የአካል ደኅንነት ሥራም ነው።

አንድ ነገር ከደረሰ ስልኩም ቦርሳውም ይሰጣል፤ ዕቃ ለማስመለስ ደረጃ ላይ መታገል የለም። በ991 ለፖሊስ ይደወላል፤ ሲም ካርዱ ይዘጋል፤ ለቤተሰብ የተላከው መታወቂያና ስልክ ቁጥር ለመርማሪው ይሰጣል። የአጥቂው ቁጥር በዚያው ቀን ለሌሎች ደላሎች መነገር አለበት፤ የሚደበቅ ኮሚሽን እዚህ የለም፣ ሰውየው ነገ ሌላ ብሎክ ቤት ሊያይ ይደውላል። ከደላላው የተወሰዱ ቁልፎች ካሉ አከራዮቹ ሳይመሽ ይነገራቸዋል፤ የበሮቹም ቁልፍ ይቀየራል። ጥቃት ባይደርስም ተከራይ በለወጠ ቁጥር ቁልፉን መቀየርና ወጪውን ማን እንደሚሸፍን በውሉ ላይ መጻፍ ለአከራዩም፣ ለተከራዩም፣ ቅጂው እጁ ላይ ለነበረው ደላላም ይበጃል።