ለውሻ የምንጥለው ሳምባ በሽታ ይዞ ይመለሳል



ከወረታ እስከ ወንዛዬ ውሻ ባለውለታችን ነው። ሌሊት ከጅብና ከሌባ ይጠብቀናል፤ ቀን ከእረኛው ጋር ርብና ጉማራ ዳር ይውላል። ይሁን እንጂ እኛው በእጃችን በሽታ እናበላዋለን፤ እሱም መልሶ ለልጆቻችን ይሰጣል። እንዴት ቢሉ እነሆ።

በዓል ደርሶ በግ ሲታረድ ወይም ቅርጫ ሲገባ፣ ሳምባው ወይም ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ነጭ ከረጢት የሚገኝበት ጊዜ አለ። አንዳንዱ ባቄላ፣ አንዳንዱ ሎሚ ያክላል። «ይኸማ ለሰው አይሆንም» እንልና ለውሻ እንወረውራለን። ጥፋቱ እዚህ ላይ ነው። በከረጢቱ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ብዙ የትል ራሶች አሉ። ውሻው ሲበላቸው አንጀቱ ላይ ተጣብቀው ያድጋሉ። አንዱ ትል ቢያድግ ቢያድግ ከአንዲት የሩዝ ፍሬ አይበልጥም። ከ6 ወይም ከ7 ሳምንት በኋላ እንቁላል መጣል ይጀምራል። እንቁላሉ ከውሻው ዓይነ ምድር ጋር ወጥቶ በሣሩ፣ በጎመኑ፣ በኩሬው ይበተናል፤ በውሻው ጠጉርም ላይ ይጣበቃል። እንደ ፎገራ ባለ እርጥብ መሬት ብዙ ወር ሳይሞት ሊቆይ ይችላል።

በግና ከብት ከሣር ጋር ይውጡታል። ልጅም ውሻውን ሲዳብስ ውሎ፣ እጁን ሳይታጠብ እንጀራ ሲቆርስ ይውጠዋል። ከዚያ ጉበት ወይም ሳምባ ውስጥ ገብቶ ያንኑ ከረጢት ይሠራል። ሐኪሞች ሃይዳቲድ ይሉታል። ለዓመታት ሳይሰማ ቀስ እያለ ያድጋል። ኋላ ግን ሆድ ያሳብጣል፣ ያስላል፤ ከረጢቱ ከፈነዳም ለሞት ያሰጋል። ትልቅ ከሆነ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ብዙ ጊዜ ነው።

ልብ በሉ! ይህ ከጥሬ ሥጋ የሚይዘን ኮሶ አይደለም። የኮሶ መድኃኒት ቢጠጡም አይወርድም፤ ያለው ጉበት ውስጥ እንጂ አንጀት ውስጥ አይደለማ። ውሻውም የታመመ አይመስልም፤ «ውሻዬ ደኅና ነው» ብሎ መዘናጋት አይገባም።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

1ኛ/ ከረጢት ያለበትን ሳምባና ጉበት እናቃጥል፤ ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቅ ጉድጓድ እንቅበር። ለውሻ የሚሰጥ የሆድ ዕቃ ግማሽ ሰዓት ይቀቀል።

2ኛ/ ከብት ሲታረድ ውሻ ይታሰር።

3ኛ/ የእንስሳት ሐኪም ጠይቀን፣ ፕራዚኳንቴል የተባለውን መድኃኒት በውሻው ክብደት ልክ በየ6 ሳምንቱ እንስጥ።

4ኛ/ ውሻ ከነካን በኋላና ከምግብ በፊት እጃችንን በሳሙና፣ ከሌለ በአመድ እንታጠብ። ጎመን ይታጠብ፤ የኩሬ ውሃ ይፈላ።

«ይህ እንዴት ይሆናል?» የሚል ካለ የአይስላንድን ነገር ይስማ። በዚያች የበግ አገር በሽታው እጅግ በዝቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1863 ሃራልድ ክራቤ የተባለ የዴንማርክ ሊቅ ሄዶ መረመረ። በ1864 ምክሩ በትንሽ መጽሐፍ ታትሞ በየቤቱ ታደለ። ያኔ የዛሬው መድኃኒት አልነበረም፤ ሕዝቡ ግን አንብቦ ተጠነቀቀ፣ ቆይቶም ሕግ ወጣ። ዛሬ በሽታው ከዚያች አገር ሰው ላይ ጠፍቷል።

ስለዚህ ያነበባችሁ ላላነበበው ጎረቤት አንብቡለት፤ ለሚቀጥለው በዓል ቢላዋ ከመሳሉ በፊት!