የጥልፍ ልብስ፦ ጨው ቀለም አያጸናም

የጨርቃ ጨርቅ መሐንዲስ መሆኔን የምታውቁ ወዳጆች በዓል በደረሰ ቁጥር አንድ ጥያቄ ትልኩልኛላችሁ፦ «ጥልፉ ቀለም እንዳይለቅ ጨው ልጨምር ወይስ ኮምጣጤ?»

ሁለቱም አያስፈልጉም። ጨው የሚጠቅመው ክሩ ሲቀለም ነው፤ ያኔ ቀለሙ ወደ ጥጡ እንዲሳብ ይረዳል። ተቀልሞ ያለቀን ክር ግን አያጸናም። የሚሻለው ይኸውላችሁ፦

1. መጀመሪያ ሞክሩት። እርጥብ ነጭ ጨርቅ ከጥልፉ ጀርባ ላይ ጫን አድርጉ፤ በተለይ ቀዩና ጥቁሩ ክር ላይ። ነጩ ጨርቅ ከቀላ ወይም ከጠቆረ ልብሱን ዘፍዝፋችሁ አትተዉት።

2. በቀዝቃዛ ውሃና በለስላሳ ፈሳሽ ሳሙና በእጅ እጠቡ። ጥልፉን አትሹት፤ በረኪና አታስነኩት።

3. ቀለም ከለቀቀ እንዳይደርቅ! ውሃው እስኪጠራ ድረስ በቀዝቃዛ ውሃ ደጋግማችሁ አለቅልቁት።

4. አትጠምዝዙት። በንጹሕ ፎጣ ጠቅልላችሁ ውሃውን በመጫን አውጡ፤ ከዚያ ጥላ ላይ ዘርግታችሁ አድርቁ።

5. ከመተኮሳችሁ በፊት እድፍ አለመቅረቱን እዩ፤ ሙቀት እድፍን ያጸናል።

6. ጥልፉን በወፍራም ፎጣ ላይ በፊቱ ደፍታችሁ፣ ትንሽ እርጥበት ሳለው ከጀርባው ተኩሱ። በፊት ለፊት ከተተኮሰ ጎላ ብሎ የወጣው ስፌት ይዳጣል። ወርቃማና ብርማ ክር ብዙውን ጊዜ ፕላስቲክነት ስላለው በጋለ ካውያ ይቀልጣል፤ ሙቀቱን ቀንሱ፤ ስስ ጨርቅም ደርቡበት።

ጥያቄ ያላችሁ የጨርቁንና የክሩን ዓይነት ጠቅሳችሁ ከሥር ጻፉልኝ፤ ፎቶ ካለ ደግሞ ይበልጥ ይረዳኛል።